እየፋቅን ነው

ጦና ከባድ ወሬ ሲኖረው እግሩን ይታጠባል። የሚስቱን ዓይን ሳያይ የሚናገርበት ሌላ ዘዴ ስላላገኘ ነው። ላሟን ሳያማክራት ለወንድሙ የሰጠ ጊዜ የነገራት እግሩን ገበቴ ውስጥ ዘፍዝፎ ነበር። እናቱ ክረምቱን እነሱ ዘንድ ሊከርሙ መሆኑን ያበሰራትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳይቀርብ «ውሃ አሙቂልኝ» ሲላት ተናኜ ልቧ ድንግጥ አለ።

«የአዛለች እናት» አለ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸ። «ዛሬ ሦስት ሰዓት ግድም ሰዎች ብቅ ይላሉ።»

«የምን ሰዎች?»

«እንግዲህ ሰዎች ናቸው። አቶ አንጁሎ ናቸው። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም አብረዋቸው ሳይመጡ አይቀርም።»

«ለምን?»

«ለአዛለች ነዋ። ለእኔ ይመጣሉ እንዴ?»

ተናኜ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችው። አዛለች አንዲት ሴት ልጃቸው ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍልን በጥሩ ነጥብ ጨርሳለች። ኦቶና ያለው የሚሲዮን ሆስፒታል ለድሬሰርነት ኮርስ ተቀብሏት፣ ሰኞ ጠዋት ሣጥኗን ይዛ ማደሪያ ልትገባ ሁለት ቀን ነው የቀራት። ሰኞ ካልተገኘች ቦታዋ ለተከታይዋ ልጅ ይሰጣል፤ ይህን የመዘገቧት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ተናግረዋል። ያስመዘገባት ደግሞ ማንም ሳይሆን ይኸው እግሩን የሚታጠበው ጦና ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ «ልጄ ነጭ ልብስ ልትለብስ ነው» እያለ ሲጎርር ከርሟል።

«ሰኞስ?» አለች።

«ሰኞን በኋላ እናየዋለን። ሶርሳ እኮ ነው፤ የአቶ አንጁሎ የወንድም ልጅ፣ ሻንቶ ከተማ የሚያስተምረው። ዘመናዊ ልጅ ነው። እሱም የተማረች ነው የሚፈልገው።»

«የተማረች ከፈለገ ትማርለታ።»

«ስድስተኛ ይበቃል ባይ ነው» አለ ጦና፤ ይህን ያለው ለግራ እግሩ ትንሽ ጣት ነበር።

ይበቃል። ተናኜ ይህቺን ቃል እንደ ጎምዛዛ ፍሬ አፏ ውስጥ አገላበጠቻት። የአባቶቿ ዘመን ወንድ ያልተማረች ፈልጎ ያልተማረች ያገባ ነበር፤ ነገሩም በዚያ ያልቃል። የዛሬዎቹ ግን ልክ አላቸው። ደብዳቤውን አንብባ የምትደሰት እንጂ መልስ ጽፋ የምታስደነግጥ አትሁን። ሬዲዮ ስትከፍት እጇ አይንቀጥቀጥ፣ ዜናው ላይ ግን አስተያየት አይኑራት። ስድስተኛን የጨረሰች፣ ሰባተኛን ያልጀመረች። ጫማ እንኳ እንዲህ በልክ አይሰፋም።

ጦናን ለመቆጣት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ጦና ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ጋዜጣ ያነባል፤ አምና በጸሎት ቤታቸው ስለ «ሴትና የአገር እድገት» አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አድርጓል። ሴቶቹ ንግግሩን የሰሙት ለተሰብሳቢው ምግብ ሲያበስሉ፣ በኩሽናው ግድግዳ በኩል ነበር፤ ደኅና ንግግር እንደነበር ሁሉም መስክረዋል። ለጦና ያልተሰጠችው «እምቢ» የምትባለዋ ቃል ብቻ ናት። ተናኜ ስትቆጣው ደግሞ በትዕግሥት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣታል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ከዛፍ ሥር እንደቆመ ሰው። ሲያባራ መንገዱን ይቀጥላል። የሚያናድዳት ይኸው ነው።

«አንተ እሺ ልትላቸው ነው?»

«ሽማግሌ ደጅ ድረስ መጥቶ ምን ይባላል? አቶ አንጁሎ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው። አንቺ ብቻ አንድ ነገር አዘጋጂ፤ ከእጅሽ ሳይቀምሱ አይሄዱም።»

ተናኜ ቀና አለች። ጦና ሳያስበው ነበር የተናገረው።

በዚያ ቀዬ ሽማግሌ አባትየውን «እሺ» ካሰኘ በኋላ ቁጭ ብሎ የእናትየውን እጅ ይቀምሳል። እናትየው ሳህኑን ይዛ ስትወጣ፣ ሽማግሌው ሲያጎርስና ሲጎርስ፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚታሰረው። እስከዚያ የአባትየው እሺታ ነፋስ ላይ ያለ ነገር ነው። እናትን የሚጠይቃት የለም፤ ሳህኑን ግን ያለ እናት የሚያወጣው የለም። ይህን ያወጡት አያቶች እናት ቤቷ ትታጣለች ብለው አላሰቡም፤ የት ትሄዳለች?

ተናኜ በጓሮ በር አሻግራ አየች። እንሰቶቹ በጠዋቱ ፀሐይ ሰፋፊ ቅጠላቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«አዘጋጃለሁ» አለች። ጦና እግሩን ከገበቴው አወጣና በደስታ አደረቀ።

*

እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ ዝር አይልም። ሴቲቱ ሳንቃዋን ከቆመ ግንድ ታስደግፋለች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ ትሰቅልና ከእንሰቱ የተላጠውን ወፍራም ሽፋን በተረከዟ ሳንቃው ላይ ወጥራ ትይዛለች፤ በሁለት እጇ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ቀሚሷ መቼም እንዲህ ተቀምጣ ጉልበቷን አይሸፍንም። ስለዚህ ለክብሯ ሲባል ወንድ አይቀርብም፤ ከቀረበም ቆጮው ይበላሻል ይባላል። ወንጌል ወደ ወላይታ ሲመጣ ስንቱን ልማድ ጠራርጎ ወስዷል፤ ጠንቋዩን፣ ጨሌውን፣ ጠላውን። ይህን ግን አንድም ሰባኪ አልነካው። ተናኜ ምክንያቱን ታውቃለች። ወንድን ከሥራ የሚያሳርፍ ክብር እስከ ዛሬ አንድም ሰባኪ አስቸኳይ ኃጢአት ነው ብሎ አያውቅም።

«ዛሬ እንሰት እንፍቃለን» አለቻት ለአዛለች።

አዛለች ለሰኞ የምትለብሰውን ሹራብ እያጠፈች ነበር። «ዛሬ? እንግዳ ይመጣል አላለም እንዴ አባባ?»

«ለዚያ ነው የምንፍቀው።»

አሳየሽንም ጠራቻት። አሳየሽ አጥር ተጋሪ ጎረቤቷ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷ የተፈታ ሴት ናት፤ ራሷ ስትናገር «ሁለታችንም አንድ ቀን ነው ነፃ የወጣነው፣ እሱም እኔም» ትላለች። ገጀራዋን ይዛ መጣች። ምን እንደሆነ ስትሰማ ምንም አልጠየቀችም፤ ከአንዱ እንሰት ሥር ቆማ ብቻ «ይኼን ነው?» አለች። ተናኜ ራሷን ነቀነቀች። እንሰቱ እየተንጓጓ ወደቀ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። ነጫጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ጦና በቤቱ ዞሮ መጣና ከጓሮው አጥር ማዶ ቆሞ ሳል አለ።

«የአዛለች እናት፣ እንግዶች መጥተዋል።»

«ሰማሁ። እየፋቅን ነው።»

የመፋቂያው ድምፅ ብቻ ሸረ፣ ሸረ ይላል።

«ዛሬ ነው የሚፋቀው?»

«እንሰቱን ጠይቀው። ወድቋል። የወደቀ እንሰት አያድርም።»

«የወደቀ ባል ነው የሚያድረው» አለች አሳየሽ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«አስተናግዳቸዋ። ቤቱ የአንተ ነው። ቆጮው ተጋግሮ በኮባ ተጠቅልሏል፤ ቅቤው እላይ አለ።»

ጦና ሄደ። ሳይቆይ ተመለሰ።

«እላይ ያልሽው ከምኑ ላይ ነው?»

«ከጭሱ በታች።»

«ጭሱ ሁሉ ቦታ ነው ያለው እኮ።»

ተናኜ መፋቂያውን አቆመችና ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ዓመት እዚያ ቤት ኖሯል። የአውራጃውን የወረዳዎች ስም ከነምክትላቸው በቃሉ ይወጣዋል፤ ገሱባ ያለው መሥሪያ ቤት ስንት ወንበር እንዳለው ያውቃል። የገዛ ቤቱ ቅቤ የት እንደሚሰቀል ግን እስከ ዛሬ እንዲያውቅ ያስገደደው ነገር አልነበረም፤ ቅቤው ራሱ ነበር ወደ እሱ የሚመጣው።

«ከምሰሶው በስተግራ፣ ቅሉ ውስጥ» አለች።

«ግን እኮ የአዛለች እናት፣ ባገኘውም ከእኔ እጅ አይሆንም። አንቺ ነሽ ማውጣት ያለብሽ። ታውቂያለሽ።»

«እጄ ሥራ ይዟል።»

አዛለች ቀሚሷን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች። ተናኜ በዓይኗ ተቆጣቻት። ለሳቅ አይደለም ይህ ሁሉ።

*

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አቶ አንጁሎ ራሳቸው መጡ። ከዘራቸው ከአጥሩ ማዶ ኳ ኳ እያለ ቀረበና ቆመ። በአጥሩ ቀዳዳ ተናኜ የምታየው የጋቢያቸውን ጀርባ ብቻ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል።

«እህቴ ተናኜ፣ እንደምን ዋልሽ። ጀርባዬን ሰጥቼ የማነጋግርሽ ለክብርሽ ነው፤ ቅር እንዳይልሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ዕድሜ ልኬን ያነጋገሩኝ እንደዚሁ ነው፤ ለምጄዋለሁ።»

አቶ አንጁሎ ከዘራቸውን መሬት ላይ ኳ አደረጉ። «ጦና እሺ ብሎናል» አሉ።

«ጦና ለማን እምቢ ብሎ ያውቃል? ያለፈው ሳምንት የመጣውን መጽሐፍ አዟሪም እሺ ብሎታል። መጽሐፉ ግን ቤታችን አልገባም።»

«ልጁ ጨዋ ነው። ደሞዝተኛ ነው። ብስክሌት አለው።»

«ብስክሌቱን ይባርክለት።»

«መቼ ነው የምትጨርሱት?»

«እንሰቱ ሲያልቅ።»

«ስንት ነው የጣላችሁት?»

ተናኜ የቀረውን አየች። ልትጨርስ ምንም አልቀራትም፤ ሦስት ሴት ተሰልፎበት አንድ እንሰት ምን ያህል ይቆያል? ከዚያ ወዲያ ቆማ እጇን ታጥባ፣ ፊቷን አስተካክላ፣ ሳህኑን ይዛ ከመውጣት በስተቀር ምክንያት የላትም። ዓይኗ ጥግ ላይ የቆመው ትልቁ እንሰት ላይ አረፈ። እሱን የተከለችው አዛለች ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ነው፤ ከሁሉ ለይታ ፍግ ስታቀርብለት፣ ስታርምለት፣ ቅጠሉን ለማንም ሳታስቀነጥስ ያሳደገችው ለአዛለች ሠርግ ብላ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ የሠርጉ እንሰት ነው።

አሳየሽ ዓይኗን ተከትላ አየች። «እሱን?» አለች በሹክሹክታ፤ ጠዋቱን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የደነገጠችው አሁን ነው።

«እሱን።»

ገጀራው ሲያርፍበት ተናኜ ፊቷን አዞረች። ግንዱ ተሰነጠቀ፤ ቅጠሉ እንደ ጣሪያ ተንሸራቶ ምድሪቱን አናወጣት። አቶ አንጁሎ ከዘራቸውን ጨበጡ።

«አንድ ነበር አባባ» አለች ተናኜ፣ ድምጿን እያስተካከለች። «አሁን ሁለት ሆነ።»

ከአጥሩ ማዶ ረዘም ያለ ትንፋሽ ተሰማ። «ጦና» አሉ አቶ አንጁሎ ወደ ቤቱ እያዘገሙ፣ እንድትሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ። እንጠብቃለን። ዛሬ ሙሉ ቀን የለን?»

*

ሶርሳ የደረሰው ሽማግሌዎቹ መራብ በጀመሩበት ሰዓት ነው። በወጉ ጠያቂው ራሱ አይመጣም፤ ሶርሳ ግን ወግ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ብስክሌቱን ከአግዳሚው አስደግፎ ነገሩን ሰማ፤ ሳቀ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ መጣ። ሽማግሌዎቹ በወላይትኛ «ተው፣ ተመለስ» ሲሉት እሱ በአማርኛ መለሰላቸው፤ በክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር፣ ቃል ቃሉን እየነጠለ።

«ይህ ኋላ ቀር እምነት ነው። ወንድ አየው ተብሎ የሚበላሽ ምግብ የለም፤ ሳይንስ አይደግፈውም። ወንድና ሴት እኩል ናቸው። እኔ ራሴ ገብቼ አነጋግራታለሁ።»

አጥሩን በእጁ ገፋ አድርጎ ገባ።

ተናኜ ሃያ ዓመት በፋቀችበት፣ እናቷም ዕድሜዋን በፋቀችበት ዘመን ይህን አይታ አታውቅም። አሳየሽ ጮኸች። አዛለች እግሯን አውርዳ ቀሚሷን ጎተተች። ሶርሳ ደግሞ ሁለት እርምጃ እንደገባ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መግቢያውን በደንብ አስቦበት ኖሮ ከገባ በኋላ ያለውን ግን አላሰበበትም። ከረባት አድርጓል፤ ሱሪው በከሰል ካውያ ተተኩሶ መስመሩ እንደ ቢላ ተስሎ ይታያል። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ተናኜ ልትጮህበት ነበር። ከዚያ ግን ያለው ትዝ አላት።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አለች። «ወንድና ሴት እኩል ናቸው አልክ?»

«አዎ። በመሠረቱ እኩል ናቸው።»

«መሠረቱ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ተቀመጥ።»

ሶርሳ ሳንቃውን አየ፤ መሬቱን አየ፤ ሱሪውን አየ። ወደ ኋላ ዞሮ አጥሩን አየ። አሁን ከወጣ ልማዱን ፈርቶ የወጣ ነው፤ ከማዶ ሦስት ሽማግሌ ይስቅበታል። ከተቀመጠ ደግሞ ተቀመጠ። የተማረ ሰው ራሱ ባደረገው ንግግር ተይዞ ሲቀር ስታይ ተናኜ የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም፤ የጦናንም አይታለች። ልዩነቱ ጦና ሁልጊዜ መውጫ ያገኛል፤ ይኼ ልጅ ሱሪውን ከጉልበቱ ሰብስቦ ተቀመጠ።

እግሩን ሰቀለ። ሽፋኑ ተንሸራተተና አፍንጫው ላይ አረፈ።

«በጣትህ አይደለም፤ በተረከዝህ ነው የምትይዘው» አለች አዛለች። ከጠዋት ጀምሮ ለባዕድ ሰው የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

በተረከዙ ያዘው። ፋቀ። ውሃው ተፈናጥቆ ከረባቱን አረሰረሰው፤ ከረባቱን ወደ ጀርባው ወረወረና ደግሞ ፋቀ። የወጣለት ነገር የዶሮ ጭረት ያህል ነው። ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ።

«ስድስተኛ ይበቃል ያልከው አንተ ነህ?» አለችው ተናኜ።

«በመሠረቱ እኔ…»

«መሠረቱን ተወውና እየፋቅክ ንገረኝ።»

ሸረ፣ ሸረ። «ጓደኞቼ ናቸው የሚሉት። ብዙ የተማረች ሴት ባሏን ትንቃለች ይላሉ።»

«እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ያውም የጸሎት ቤቱ የማታ ትምህርት። ጦና ስምንተኛ ነው። ስንቀው በትምህርት አይደለም።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሰማሉ እንዴ?» አለ ሶርሳ ደንግጦ።

«መስማት ይፈቀድላቸዋል። ማየት ነው የተከለከሉት» አለች አሳየሽ።

የአቶ አንጁሎ ድምፅ መጣ። ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው። «ሶርሳ። ለምን ዘገየህ? ተነጋገራችሁ?»

ሶርሳ መልስ ሊሰጥ ሲል አሳየሽ ቀደመችው። «እየፋቀ ነው» አለች፤ ዕለቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ያህል ጥርት ባለ ድምፅ።

«ምን እያደረገ?»

«እየፋቀ።»

ከማዶ ሹክሹክታ ሆነ፤ ከዘራ ወደቀ፤ ሰው አነሣው።

«ሶርሳ። ውጣ። አሁን ውጣ።»

«አጎቴ፣ ሽፋኑን በእግሬ ይዤዋለሁ፤ ብለቀው ይንሸራተታል።»

ይህን የተናገረው በወላይትኛ ነበር፤ አማርኛው ጠፍቶበታል። ተናኜ ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ነከሰች። ልጁ አልቀለደም። እውነትም ሽፋኑ እንዳይንሸራተት ነበር ያሳሰበው።

አቶ አንጁሎ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሲቆጣ ይበልጥ ይረጋጋል። «ጦና ወንድሜ፣ ስማኝ። እኔ የሰው ልጅ የምጠይቀው የወንድሜን ልጅ ስም ይዤ ነው። ነገ ገበያው ሁሉ ‹ሶርሳ እንሰት ፋቀ› ሲል ምን ብዬ ነው አፌን የምከፍተው? አልመጡም በል። እኛም አልመጣንም እንላለን።»

«ኧረ አባባ፣ ቅቤውን አሁን ገና አገኘሁት» የሚል የጦና ድምፅ ተሰማ።

ተናኜ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወደ መንገዱ ወጥተዋል፤ ጦና ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ እስከ በሩ ተከተላቸውና ቆመ። ሳህኑ ከእሱ እጅ ነበርና ማንም አልነካውም።

አለቀ። ሰኞ ተመለሰች።

*

እንዲህ ከሆነ በኋላ ሰው እፎይ ይላል። ተናኜም እፎይ ልትል ዞር አለች፤ ያየችው ግን አላስደሰታትም።

ሶርሳ አሁንም እየፋቀ ነው። አጎቱ መሄዳቸውን የሰማ አይመስልም። አዛለች ከጎኑ ተቀምጣ የመፋቂያውን አያያዝ ታሳየዋለች፤ እሱ ይሞክራል፤ ቡላው ግንባሩ ላይ ደርቆ እንደ ኖራ ሆኗል፤ እሷ ትስቃለች። ጠዋት የሳቀችውን ሳቅ አይደለም።

ጌታ ሆይ፣ አለች ተናኜ በሆዷ። በወላይታ ምድር መፋቂያ የጨበጠ አንድ ወንድ ብትሰጠኝ ዛሬ ነው የምትሰጠኝ? ሽማግሌን በእንሰት መመለስ ይቻላል። ሳቅን በምን ይመልሱታል? ለሳቅ ሲባል ስንት እንሰት ይወድቃል?

«በቃ፣ ተነሥ ልጄ» አለችው።

«ገና ግማሽ ነው እኮ።»

«ግማሽ ይበቃል። ስድስተኛ ይበቃ የለ?»

ሶርሳ ተነሣ። የሱሪው መስመር የለም፤ ሱሪውም ሱሪ አልመሰለም። ከረባቱን ከጀርባው መልሶ ደረቱ ላይ አስተካከለ፤ በዚያ ሁኔታ ማስተካከሉ ራሱ ትንሽ አሳዘናት።

«እማማ፣ ሌላ ጊዜ ብመጣ…»

«ስትመጣ አጥሬ ሥር ሽማግሌ አታቁምብኝ። እሷ ኦቶና ናት። ኮርሷን የጨረሰች ቀን ሄደህ ራሷን ጠይቃት። ምን እንደምትልህ እኔም አላውቅም።»

እጅ ነሥቶ ወጣ። ብስክሌቱን ሳይነዳ እየገፋ ሄደ፤ በዚያ ሱሪ መቀመጥ አልቻለም ይሆናል።

አዛለች የተወውን ሽፋን አንሥታ ቀጠለች። «ለምን አባረርሽው? ጥሩ መፋቅ ጀምሮ ነበር።»

«አንቺ ልጅ ሰኞ ኦቶና ነው የምትገቢው።»

«እገባለሁ። ማን አልገባም አለ?»

«እሱን አስበሽ እንዳይሆን…»

አዛለች መፋቂያዋን አቆመች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ስትናገር እንደ አባቷ ዝግ ትላለች። «እማዬ፣ እኔ እኮ ጠዋትም ብጠየቅ እምቢ እል ነበር። በሩ ላይ ወጥቼ ለአቶ አንጁሎ ኮርሴን ልጨርስ ብዬ መናገር እችል ነበር። አባባ አልጠየቀኝም። ሽማግሌዎቹም አልጠየቁኝም።» ወደ እናቷ ዞር ብላ ጨመረች፤ «አንቺም አልጠየቅሽኝም። እንሰት እንፍቃለን ነው ያልሽኝ።»

አሳየሽ ገጀራዋን አንሥታ በኮባ መጥረግ ጀመረች።

ተናኜ የወደቀውን የሠርጉን እንሰት አየች። ሰባት ዓመት ፍግ በልቷል። ልጅቷ በአንዲት ቃል የምትጨርሰውን ነገር እሷ በሁለት እንሰት ጨረሰችው። ጦናን፣ አንጁሎን፣ ሶርሳን፣ በዚያ ጠዋት በሆዷ ያልዘለፈችው ወንድ አልነበረም፤ ሁሉንም የዘለፈችበት ጥፋት ደግሞ ይኸው ነበር። ልትናደድ ፈለገች፤ የምትናደድበት ሰው ግን እዚያ ቦታ ላይ ራሷን ብቻ አገኘች።

«ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?» አለች በመጨረሻ።

«አባባ» አለች አዛለች። «ቅቤው የት እንዳለ አሁን ያውቃል።»

*

ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ በኮባ ለብጠው፣ የተፋቀውን ከትተው፣ ከላይ ድንጋይ ሲጭኑበት ፀሐይዋ ዳሞታ ተራራ ላይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። አሳየሽ ከፍቁ የተረፈውን ቃጫ ተሸክማ ቤቷ ገባች። አዛለች እጇን ታጥባ ሣጥኗን ልትጨርስ ሄደች። ተናኜ ሳንቃውን አጥባ ብቻዋን ቀረች።

ጦና ከአጥሩ ማዶ ሳል አለ።

«የአዛለች እናት።»

«አቤት።»

«እንግዲህ ተመልሰዋል። እኔም በመጨረሻ ቁርጡን ነገርኳቸው። ልጄ ሰኞ ትምህርት አላት፣ አይሆንም አልኳቸው።»

ተናኜ ዓይኗን ወደ ሰማይ አነሣች። እስከ ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይህን ይሰማል፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ በጸሎት ቤቱ ንግግር ይሆናል። ትክክሉን ብትነግረው በትዕግሥት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣታል።

«ደግ አደረግህ» አለች።

«እኔ ነኝ ሰኞ የማደርሳት። ሣጥኑን እኔ እሸከማለሁ።»

«ተሸከም።»

ሆዱ ሲጮህ በአጥሩ በኩል ተሰማ።

«አለቀ ወይ? ልግባ?»

ተናኜ ዙሪያዋን አየች። መፋቂያው ታጥቧል። ጉድጓዱ ተዘግቷል። እንሰቶቹ ቅጠላቸውን እያፋጩ ከሁሉም ወገን ከልለዋታል። ማንም ሊመጣባት የማይችልበት፣ ማንም ውሃ አሙቂ የማይልበት፣ ቅቤ የት ነው የማይባልበት ቦታ በዓለም ላይ ቢኖር ይህ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ለሥራ ብቻ ነበር የመጣችበት። ቀሚሷን ሰብስባ ከሳንቃው አጠገብ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች።

«አላለቀም» አለች። «ገና እየፋቅን ነው።»